አልወደቀችም

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ከሳጥን ያወጣችውን ብርድ ልብስ በረንዳዋ ላይ ስታራግፍ ሽታው በመስኮቴ ገባ። ካፉር ነበር። ልብስን ከብል የሚጠብቀው፣ እኛ ሙስሊሞች ደግሞ ሬሳ ስናጥብ በመጨረሻው ውሃ የምንበጠብጠው፣ አፍንጫን የሚያቀዘቅዝ ሽታ። መስኮቱን ዘጋሁት። ሽታው ግን ቀድሞኝ ገብቶ ነበርና ያን ቀን የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ዋልኩ።

ያኔ የምንኖረው ካይሮ፣ ናስር ሲቲ ውስጥ፣ አባቴ ከሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ብዙ በማይርቅ አሮጌ ፎቅ ላይ ነበር። አባቴ ሸህ አህመድ ከወሎ ለትምህርት የመጣ ደረሳ ነው። ቀን ይማራል፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ሳሎናችን ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፎ የሐበሻ ልጆችን ቁርኣን ያቀራል። ሰው ጥያቄ ይዞ ሲመጣ ጺሙን ዳበስ ያደርግና «በዚህ ላይ ሁለት ቃል አለ» ይላል። ድመት አፏን የነከረችበት ውሃ ውዱእ ይደረግበታል? ሁለት ቃል አለ። አንዱን ሊቅ ያነሳል፣ ሌላውን ያነሳል፣ ሁለቱንም ይመርቃል። ጠያቂው መልስ ሳያገኝ፣ ግን ቀለል ብሎት ይወጣል። እኔ አባቴ ሁለት ምላስ ያለው ስለመሰለኝ፣ ሲያዛጋ ጠብቄ ሁለተኛውን አፉ ውስጥ እፈልግ ነበር።

እናቴ ዘሃራ ያላት አንድ ቃል ነው። እሱንም ጮክ ብላ ነው የምትናገረው። ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ከእናቷ የወረሰችው ሌላም ሙያ ነበራት፤ ከሐበሻ ሴቶች አንዷ ስትሞት አጥባ የምትከፍናት እሷ ናት። ለዚህ የለየችው የጨርቅ ቦርሳ ቁምሳጥኑ አናት ላይ ይቀመጣል። ውስጡ ካፉር፣ የደቀቀ የቁርቁራ ቅጠል፣ ጥጥና መቀስ አለ። ቦርሳው ሲወርድ ሰው ሞቷል ማለት እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ አውቅ ነበር።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ አስተማሪያችን ስሜን ትታ «ሾኮላታ፣ ነይ ወደ ሰሌዳ» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ የወደደችኝ መስሎኛል፤ ቸኮላት ማን ይጠላል? ቤት ገብቼ በደስታ ስናገር እናቴ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ቀና አለች።

አባቴ «ምናልባት በፍቅር ብላት ይሆናል። ሂጂና ለብቻዋ አነጋግሪያት» አላት።

«በሰው ፊት ነው የሰደበቻት፤ በሰው ፊት ትመልሳለች።»

በማግስቱ ክፍላችን ገባች። ሰሌዳው ፊት ቆማ በዚያ በገበያ ዐረብኛዋ «ስሟ ሐያት ነው! በሉ፣ ሐያት!» እያለች ተማሪውን ሁሉ ስሜን አስጠራችው። አስተማሪዋ ፊቷ ፍም መስሎ ይቅርታ ጠየቀች። እናቴ ያን ቀን ከሰሌዳው ትበልጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሾኮላታ ያለኝ ልጅ የለም። ሐያት ያለኝም የለም። ዓመቱን ሙሉ አግዳሚው ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ።

ሰዓዳ ጁምዓ ጁምዓ ቤታችን የምትመጣ የሐይቅ ልጅ ናት። ሞሃንዲሲን በሚባል ሰፈር፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። እጇ በረኪና በረኪና ይሸታል። ሹሩባ ልትሠራኝ ጀምራ ግማሽ ላይ ስትደርስ እንቅልፍ ይጥላታል። ማበጠሪያው ጠጉሬ ላይ እንደተሰካ፣ እንዳትነቃ ብዬ አንገቴን ሳላንቀሳቅስ እቀመጣለሁ። ስትነቃ «ሐያትዬ፣ የት ደርሰን ነበር?» ትለኛለች፣ መንገድ የጀመርን ይመስል። በዚያ በካይሮ ሙቀት እንኳ እጅጌዋን ሰብስባ አታውቅም። እኔ በዲን ከእናቴ የምትበልጥ አድርጌ አያት ነበር።

ስለ ሥራዋ ብዙ አታወራም። አንድ ቀን ብቻ «የልብስ ማስጫው ገመድ አይደርስልኝም፤ ባልዲ ገልብጬ ነው የምቆመው» ብላ በእኛ ባልዲ አሳየችን። አናቱ ላይ ወጥታ፣ እጇን ዘርግታ፣ በሌለ ገመድ ላይ የሌለ ሸሚዝ ሰቀለች። አባቴ ሳይቀር ሳቀ።

ብርዱ ገብቶ ረመዳን ሲቃረብ፣ ሱቆች ደጃፍ ፋኖሶች መሰቀል ሲጀምሩ፣ አንድ ጁምዓ ሰዓዳ ቀረች። በማግስቱ ሐጅ ሰይድ መጡ። ሐጅ ሰይድ የሐበሻው ሽማግሌ ናቸው፤ ቤት ያጣ፣ ሰው የሞተበት፣ ኢቃማው፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ያለቀበት ሁሉ እሳቸው ጋ ነው የሚሄደው። በር ላይ እንደቆሙ፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ፣

«ዘሃራ፣ ሰዓዳ ወደቀች» አሉ። «ልብስ ልታሰጣ በረንዳ ወጥታ። ዐቃቤ ሕጉም አይቶ የመቅበሪያ ፈቃድ ሰጥቷል። አጥቢያትና ዛሬውኑ እንቅበራት።»

እናቴ ወንበር ላይ ወጥታ ቦርሳውን አወረደች። አባቴ ትምህርት ላይ ስለነበር እኔንም ይዛኝ ሄደች።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና ከሐጅ ሰይድ ጋር ጥበቃው ወዳሳያቸው በር ሄዱ። እሷ ገባች፤ እሳቸው ውጭ ቀሩ። ጥበቃው ኪሱን ፈትሾ ለውዝ ሰጠኝ። ወለሉ አሁን የታጠበ ነው፤ እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። እናቴ ሬሳ ስታጥብ ብዙ ትቆይ ነበር። ያን ቀን ለውዙን በልቼ ሳልጨርስ ወጣች። እጇ ደረቅ ነበር።

«አላጥባትም» አለች።

ሐጅ ሰይድ «ምን ማለት ነው?» አሏት።

«ይቺ ልጅ አልወደቀችም። ሐኪም በደንብ ያያት። እስከዚያ አላጥባትም፤ አልከፍናትም፤ ማንም አይቀብራትም።»

ሽማግሌው ዙሪያቸውን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ ልጄ። ‹ወደቀች› የሚለው ቃል ልብስ ነው። እነዚያን አሠሪዎቿን ብቻ አይደለም የሚሸፍን፤ እሷንም ይሸፍናል። አልወደቀችም ካልሽ፣ ታዲያ ምን ሆነች ይልሻል ሰው። ራሷን ጣለች ይላል። አባቷ ይህን ይስማ? አንሰግድባትም የሚሉ ይምጡባት?»

«ተጣለች ነው ያልኩት እኔ።»

«ማን አየ?»

«ጀርባዋ አይቷል» አለች እናቴ።

እኔ ይህን ሁሉ ሰምቼ በልቤ ደስ አለኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ሒሳብ ነው። እናቴ የምታጥበው የሞተ ሰው ብቻ ነው፤ ሰዓዳን አላጥብም አለች። ካልወደቀች አልሞተችም፤ ካልሞተች እዚያው ባልዲዋ ላይ ናት። ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ የእናቴን እጅ ይዤ ፈገግ እንዳልኩ ነበር።

አባቴ ሲመጣ መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። በበሩ መጀመሪያ የሰማሁት አንድ ቃል ነው፤ ካውያ። ካውያ፣ ካውያ ትላለች እናቴ። ጎረቤት ልብስ ተኳሽ ስለነበር የእሱን ነገር የምታወራ መሰለኝ። ከዚያ የአባቴ ድምፅ መጣ።

«ካውያው ግፍ ነው። በዚያ ላይ ሁለት ቃል የለም። ግን ካውያ ያስነካት ሰው ገፋት ማለት አይደለም። ባልዲ ላይ እቆማለሁ ስትል አልሰማሻትም? ሸርተት ብሏት ይሆናል። ልታመልጥ ሞክራም ይሆናል። እኛ የማናውቀውን…»

«አንተ ይሄን ስትዘረዝር እሷ ራቁቷን ተኝታለች።»

«ራቁቷን ትተሻት የመጣሽ አንቺ ነሽ፣ ዘሃራ።»

 ሲወጡ ሁለቱም ተራ በተራ ፊታቸውን ታጠቡ።

አባቴ የማያምንበትን ነገር ብቻዋን እንድትሠራ ግን አልተዋትም። ኒያባ የሚሉት ዐቃቤ ሕግ ቢሮ አብሯት ሄደ፤ እኔም መሐላቸው ነበርኩ። እናቴ በተሰባበረ ዐረብኛዋ ትናገራለች፤ አባቴ በመጽሐፍ ዐረብኛው ያቃናላታል። ሹሙ መጀመሪያ በአባቴ አነጋገር ተገርሞ ፈገግ አለ። ከዚያ እናቴን «ምኗ ነሽ?» አላት።

«እህቷ።»

«በአባት ወይስ በእናት?»

«በአላህ» አለች።

ሹሙ ሳቀና ወደ አባቴ ዞሮ ኢቃማውን ጠየቀው። አገላብጦ አየው። ከዚያ በኋላ ስለ ሰዓዳ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም፤ የጠየቀው ሁሉ ስለ አባቴ ነበር። ቤታችሁ ማን ማን ይመጣል፣ የምታስተምራቸው እነማን ናቸው፣ የትኛው ሕንፃ ላይ ይኖራሉ። አባቴ መዋሸት አያውቅም፤ የሚያውቀውን መለሰ። አቤቱታችን ተመዘገበ፤ ሬሳው ለምርመራ እንዲቆይ ተባለ። እናቴ ስንወጣ «አየህ?» አለችው። አባቴ አላያትም።

ከዚያ ረመዳን ገባ። እናቴ መጠበቅ አልቻለችም። አንድ ጧት ይዛኝ ወደ ሞሃንዲሲን ሄደች። ማይክሮባሱ ዋናው መንገድ ላይ ጣለን፤ በሱቆች መሐል አልፈን ዛፍ የበዛበት ጠባብ መንገድ ገባን። በዋቡ፣ የሕንፃው ዘበኛ፣ በር ላይ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ከላይኛው ግብፅ የመጣ ጥቁር ሽማግሌ ነው። እናቴን ሲያያት ማን እንደሆነች የገባው ይመስላል፤ ተነሳ። «ኸላስ፣ እህቴ፣ በቃ፣ ሂጂ» አላት። አልሄደችም። መንገዱ መሐል ቆማ ወደ ላይ ትጮህ ጀመር።

«ሰዓዳን ምን አደረጋችኋት! ጀርባዋን ምን አደረጋችሁት!»

መስኮቶች ተከፈቱ። የታክሲ ሾፌሮች ቆመው አዩን። አንዱ ድምጿን አስመስሎ ጮኸና ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ፎቆቹን በጣቴ እየለየሁ ሽቅብ አየሁ፤ ስድስተኛው በረንዳ ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ ሻሿን አስራ፣ እጇን ዘርግታ፣ ነጭ ሸሚዝ ስትሰቅል አየኋት።

«እማዬ!» ብዬ ቀሚሷን ጎተትኩ። «ያቻት! ያቻት ሰዓዳ! አልወደቀችም!»

እናቴ ጩኸቷን አቋርጣ ሽቅብ አየች። ሰዓዳ አልነበረችም፤ ሌላ ሰው ነበረች። ቤቱ የሰዓዳ አልጋ ሳይቀዘቅዝ ሌላ ልጅ አስገብቷል። እናቴ በአማርኛ «አንቺ ልጅ! ሐበሻ ነሽ?» አለቻት። ልጅቷ ወደ ኋላዋ አየች፤ ሸሚዙ ከእጇ አመለጣት። ቀስ እያለ፣ እጅጌው እየተርገበገበ፣ በረንዳ በረንዳውን አልፎ አስፋልቱ ላይ ጧ አለ። ቀና ስንል ልጅቷ የለችም።

እናቴ ከዚያ በኋላ የጮኸችው ሌላ ነገር ነው። «ዘሃራ እባላለሁ! ናስር ሲቲ! ሸህ አህመድ ቤት!» ይህንኑ እየደጋገመች ጮኸች፣ ድምጿ እስኪሰልል። በዋቡ እርጥቡን ሸሚዝ አንስቶ አቧራውን እያራገፈ ያያት ነበር።

እኔ ያን ቀን ነው ሰዓዳ መሞቷን ያወቅኩት። ማንም አልነገረኝም። ሸሚዙ ሲወድቅ አወቅኩ።

የሰዓዳ አባት ደሴ ድረስ ወጥተው እንደሚደውሉ ሐጅ ሰይድ ነገሩን። ሴንትራል በሚሉት የስልክ ቤት ውስጥ የእንጨት ሳጥን የመሰለች ክፍል አለች፤ እናቴ እኔን ከግድግዳው አጣብቃ ገባች። ድምፁ ከሩቅ ቢመጣም ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።

«ልጄን አፈር አላለበሳችኋትም አሉኝ። እውነት ነው?»

«አባቴ፣ በደል ደርሶባታል። ሐኪም አይቶ እስኪፈረድላት ነው። ትንሽ ይታገሱኝ።»

«ፍርድ የላይኛው ነው ልጄ። እኔ ፍርድ አልጠየቅኩሽም። አፈር ነው የጠየቅኩሽ።»

«ዛሬ ዝም ካልን ነገ የሌላ ሰው ልጅ…»

«የሌላ ሰው ልጅ አታንሺብኝ!» አሉ። አለቀሱ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ የሚስሉ መሰለኝ። «እናቷ ምግብ አትቀምስም። መሬት ላይ ነው የምትተኛው፤ ልጄ መኝታ ሳታገኝ አልጋ ላይ አልወጣም ብላ። አልብሺልኝ ልጄ። እግርሽን እስማለሁ፣ አልብሺልኝ።»

 መስመሩ ተቋረጠ። እናቴ ዝም ያለውን ስልክ ጆሮዋ ላይ ይዛ ብዙ ቆመች፤ ከውጭ ተረኛው በሩን እስኪያንኳኳባት።

ያን ቀን አቤቱታዋን ልትተው ትችል ነበር። አባቴ ለመናት። «ከሁለቱ ሐቅ የቱ ይቀድማል? የሟች ሐቅ መቀበር ነው። ይሄን ስጫት፤ ሌላውን ለአላህ ተይው» አላት። እሷ «እኔ ከተውኩት ነገሩ ኸላስ ነው፤ ሁለተኛ ማንም አያነሳውም» አለች። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ይህን ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል፤ ከሁለቱ አንዱ ስህተት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የምወቅሰው ሰው አገኝ ነበር።

ፖሊስ የደረሶቹን ቤቶች መፈተሽ የጀመረው በረመዳን አጋማሽ ነው። ኢቃማቸው ያለፈባቸውን ይዞ ሄደ። ከተያዙት አብዛኞቹ ሳሎናችን ውስጥ ያፈጠሩ፣ እኔን ትከሻቸው ላይ ያስቀመጡ ልጆች ነበሩ። ወደ አገር ተመለሱ፤ ትምህርታቸው እዚያው ቀረ። የአንዱ ሚስት፣ እርጉዝ ናት፣ መጥታ በራችን ላይ ቆመች። ግቢ ብንላት አልገባችም።

«ለሞተችው ብለሽ የቆመውን ቀበርሽው» አለቻት እናቴን። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ደረጃውን ወረደች።

ከዚያ ወዲህ ሰው ቀረ። አባቴ ከዐስር በኋላ ምንጣፉን ያነጥፋል፤ ልጆቹ አይመጡም። ቁርኣኑን ከፍቶ ብቻውን ይቀመጣል፤ እኔ ላጽናናው ፊቱ ሄጄ እቀመጥና የማውቀውን አጭር ምዕራፍ ደጋግሜ እቀራለሁ። በማፍጠሪያ ሰዓት እናቴ ያንን ትልቁን ትሪ ታወጣለች፤ ለልማድ ይሆናል። ሦስታችን ዳር ዳሩን ይዘን እንቀመጣለን። መሐሉ ባዶ ነው። ከታች ልጆች ፋኖስ ይዘው እየዘፈኑ ያልፋሉ። ውረጂና ተጫወቺ የሚለኝ አልነበረም።

የአባቴ ኢቃማ አልታደሰለትም። ለምን እንደሆነ አልነገሩትም፤ እሱም አልጠየቀም። ከዒድ በኋላ እንዲወጣ ተባለ፤ እኔና እናቴ የትምህርቱን ዓመት ጨርሰን እንድንከተለው ተወሰነ።

ረመዳን ሊያልቅ ሲል ሐጅ ሰይድ መጡ። ያን ቀን ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።

«ምርመራው አልቋል። ወድቃ ነው ብለው ዘጉት። የጀርባው ነገር ድሮ የነበረ፣ ከሥራ ጋር የሚያጋጥም ተባለ። ሬሳውን ሳይነግሩን ወስደው ዘመድ የሌለው በሚቀበርበት የምጽዋት መቃብር ቀብረዋታል።»

እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ማን አጠባት?»

«አላውቅም ልጄ።»

«ታጥባ ነው የተቀበረችው?»

ሐጅ ሰይድ አቀረቀሩ። እናቴ ሁለት እጆቿን ጭኖቿ ላይ ዘርግታ አየቻቸው። አላለቀሰችም። ተነስታ የጀመረችውን ልብስ መስፋት ቀጠለች፤ ግን ክር ሳታስገባ ነበር የምትሰፋው፤ መርፌው ባዶውን ይገባል፣ ይወጣል።

የዒድ ቀን በራችን ተንኳኳ። ከፈትኩ። አንዲት ቀጭን ልጅ ፌስታል አንጠልጥላ ቆማለች።

«የሸህ አህመድ ቤት እዚህ ነው?» አለችኝ።

ያቺ የበረንዳዋ ልጅ ናት። መኪያ ትባላለች፤ ከከሚሴ ነው የመጣችው። እናቴ ያን ቀን ስትጮህ ስሟንና ሰፈሯን ይዛዋለች። አሠሪዎቿ ለዒድ ዘመድ ጥየቃ ሲወጡ ቆልፈውባት ነበር። መለዋወጫ ቁልፍ የነበረው በዋቡ መጥቶ ከፈተላትና «ወደዚያች ወደምትጮኸው ሴት ሂጂ፤ እኔ ግን አላየሁሽም» ብሏት ማይክሮባስ ላይ አሳፈራት። ስለ ሰዓዳ ለፖሊስ አንድ ቃል ያልተናገረ ሰው ነው።

እናቴ ውሃ ልታስታጥባት እጅጌዋን ስትሰበስብላት ክንዷ ላይ አየችው። የካውያ ጫፍ ቅርጽ፣ ሾጣጣ፣ ገና በደንብ ያልሻረ። ጆጉን አስቀመጠች። ድምጿ ተመለሰ፤ ያ የክፍላችን ሰሌዳ ፊት የቆመው ድምፅ።

«ነገ ኒያባ እንሄዳለን። አሁን ሕያው ምስክር አለ።»

አባቴ የጉዞ ሻንጣውን ጥግ ላይ አስደግፎ ተቀምጦ ነበር። ጺሙን አልዳበሰም። «ከዚህ ወዲያ የሚወሰድብኝ ነገር የለም። እሄዳለሁ ካልሽ አብሬሽ እሄዳለሁ» አላት።

መኪያ ግን እናቴ እግር ላይ ወደቀች። «እትዬ ዘሃራ፣ በአላህ! ፓስፖርቴ እነሱ ጋ ነው። አስረው ይመልሱኛል። አባቴ ታሟል፤ ቤተሰቡ ሁሉ እጄን ነው የሚያየው። ለማንም እንዳትነግሪብኝ። አጥፍቼ ነው ካውያ ያስነኩኝ፤ ሸሚዝ ጥዬ ነው።»

እናቴ ልጅቷን ቁልቁል አየቻት። ከዚያ አባቴን አየች። አንድ ነገር እንዲላት የምትለምነው ይመስል ነበር።  በመጨረሻ ጎንበስ ብላ መኪያን በብብቷ ይዛ አነሳቻት።

«ተነሺ። እራት እንብላ» አለች።

አባቴ ከመሄዱ በፊት መቃብሩን ፈልገን ሄድን። ከከተማው ዳር፣ አሸዋው ከሚጀምርበት ነው። ጠባቂው የድንጋይ ክዳኖቹን እያሳየ «የሴቶቹ እዚህ ነው፤ የቷ የት እንደሆነች ግን አላህ ነው የሚያውቀው» አለን። አባቴ ቆሞ ዱዓ አደረገ። እናቴ እጇን አላነሳችም። ጠባቂው ለወሬ ያህል «ምን ሆና ነው የሞተችው?» አላት።

«ወደቀች» አለች እናቴ።

አባቴ ዱዓውን አቋርጦ ዞሮ አያት። ብዙ ነገር አብረው አሳልፈዋል፤ እንዲያ ሲያያት ግን አይቼ አላውቅም። ያሸነፈ ሰው አልነበረም። የሚወደው ነገር ሲሰበር ያየ ሰው ነበር።

እሱ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ሐጅ ሰይድ ለመኪያ ማዓዲ ሰፈር ውስጥ የምትሠራበት ሌላ ቤት አገኙላት። ፓስፖርቷን ከድሮ አሠሪዎቿ ያስመለሱት እሳቸው ናቸው፤ ሄደው፣ ጎንበስ ብለው፣ ስለ ካውያ አንድም ሳያነሱ፣ ሻይ ጠጥተው አመስግነው ይዘውት መጡ። እናቴ ይህን ስትሰማ አመሰገነቻቸው። አላሾፈችም፤ ከልቧ ነበር።

አዲሷ ሴትዮ ጥሩ ትመስላለች። በር ድረስ ያደረስናት እኛ ነን። እናቴ በሩ ከተዘጋ በኋላ ከሕንፃው ሥር ብዙ ቆመች፤ እኔ ደክሞኝ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ።

መኪያ ጁምዓ ጁምዓ መምጣት ጀመረች። ሁለቱን መጣች። በሦስተኛው እናቴ ምሳ ሠርታ ጠበቀች፣ ጠበቀች። የጁምዓ ሶላት አለቀ፤ ከመስጊዱ የወጣው ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ገባ፤ የዐስር አዛን አለ። እናቴ ጫማዋን አደረገች። ሻሿን አሰረች፣ ፈታች፣ እንደገና አሰረች። ወደ ደረጃው ወጣችና እዚያው አንደኛው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ትንፋሿ ይሰማኛል።

ከታች የሩጫ ኮቴ ተሰማ። መኪያ ነች፤ አለከለከች። «ማሌሽ፣ ይቅርታ እትዬ፣ እንግዳ መጥቶ ነው፤ ሴትየዋ ቆዪ ብላኝ…» እናቴ አላስጨረሰቻትም። እጇን ይዛ ሳበቻትና ግራ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰበሰበች፤ አገላብጣ አየች። ቀኙንም ሰበሰበች፤ አየች። በመጨረሻ አዙራት ቀሚሷን ከአንገቷ ሥር ሳብ አድርጋ ጀርባዋን አየች። መኪያ እንዳዞረቻት ተገላበጠችላት።

እናቴ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ድምፅ አልነበረውም። የልጅቷን ቀሚስ መልሳ እያስተካከለች፣

«ዛሬ ምንም የለም» አለች።